በሶናፑር በኩል ወደ አሮጌው ምሽግ

ረጅም ትራንዚት ያለው ሐበሻ ዱባይ ላይ ሁለት ዕቅድ ይዞ ይወርዳል። አንዱን ያወጣው ራሱ ነው፤ ቡርጅ ኸሊፋ፣ የወርቅ ገበያው፣ የአል ፋሂዲ ምሽግ፣ ጊዜ ከተረፈ ባሕር ዳር። ሁለተኛውን ያወጣችው ሚስቱ ናት፤ እሱም አንድ መስመር ብቻ ነው። «ወንድሜን ሳታየው እንዳትመጣ።» የትኛው እንደሚቀድም ያገባ ሰው አይጠይቅም።

ፈረንጅ አገር ሊያይ ይሄዳል። ሐበሻ ዘመድ ሊያይ ይሄድና አገሩን መንገድ ላይ ያገኘዋል። ለዚህ ወግ የሚመቸው ተጓዥ ከጓንዡ ዕቃ ጭኖ የሚመለስ የመርካቶ ነጋዴ ነው፤ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ማንም ራሱን ቢያገኝበት አይገርምም። አውሮፕላኑ ዱባይ የሚያርፈው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ የአዲስ አበባው የሚነሳው ማታ። በመካከሉ አንድ ሙሉ ቀን አለ። የሚስቱ ወንድም ደግሞ ሰኩሪቲ ነው፤ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የሚኖረው ሶናፑር።

ሶናፑር በመንግሥት ካርታ ላይ ሙሐይስና 2 ነው። ከዱባይ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከሻርጃ ድንበር አጠገብ ያለ የሠራተኞች ካምፕ ሰፈር ሲሆን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው እንደሚኖርበት ይነገራል። ሕንዱ፣ ፓኪስታኑ፣ ባንግላዴሹ፣ ኔፓሉ ይበዛል፤ አፍሪካዊውም፣ የእኛም ልጆች በየጥጉ አሉ። ግንቡን የሚገነባው፣ መስታወቱን የሚወለውለው፣ በሩን የሚጠብቀው ሰው ዱቲውን ጨርሶ የሚገባው እዚህ ነው። የየኩባንያው አውቶቡስ ገና ሳይነጋ ሰልፈኛውን ይጭናል፣ ማታ መልሶ ያራግፋል። በአስጎብኚ መጽሐፍ ላይ የለም። አገልግሎት ግን አይጎድለውም። ለአዲስ መጤ ሠራተኛ የደምና የራጅ ምርመራ ከሚደረግባቸው ማዕከሎች አንዱ ሙሐይስና ነው ያለው፤ የሟች አስከሬን ወደ አገሩ ከመላኩ በፊት የሚዘጋጅበት ማዕከልም እዚያው ነው። ሰፈሩ መጤውን ሲገባ ይመረምረዋል፤ ካልቀናውም አሽጎ ይሸኘዋል።

ከኤርፖርት መውጣት ራሱ አንድ ሥራ ነው። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ዱባይ ወርዶ «እስቲ እግሬን ላፍታታ» ብሎ ዝም ብሎ አይወጣም፤ የትራንዚት ቪዛውን አስቀድሞ በኤምሬቶቹ አየር መንገዶች በኩል ማስወጣት አለበት። የ48 ሰዓቱ ነፃ ነው፤ የ96 ሰዓቱ 50 ድርሃም ያስከፍላል። ይህን ሳያውቅ የመጣ ሰው ከተማዋን የሚያያት በመስታወት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዱባይ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት 92.3 ሚሊዮን መንገደኛ አልፏል (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ሁሉ ሰው ስንቱ ዱባይን በዲዩቲ ፍሪ ቸኮሌት ብቻ ያስታውሳት ይሆን! የጓንዡ ነጋዴ ግን መመላለስ ያስተማረው ሰው ነው፤ ቪዛውን በጊዜ አስወጥቷል።

ቀጥሎ መንገዱ አለ። ሶናፑር ከኤርፖርቱ ጀርባ ነው፤ ፈቅደውለት ማኮብኮቢያውን አቋርጦ ቢሄድ በእግሩም ይደርስ ነበር። ነገር ግን ኤምሬትስ የሚያርፍበት ተርሚናል 3 በወዲያኛው ወገን ነው። ፍላይ ዱባይ የሚበዛበት ተርሚናል 2 ለሶናፑር ይቀርባል፤ እሱ ደግሞ ሜትሮ የለውም። ስለዚህ በቀዩ መስመር እስከ ዩኒየን፣ ከዩኒየን በአረንጓዴው እስከ መጨረሻው ጣቢያ እስከ ኢቲሳላት፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ጎረቤት ለመድረስ ከተማውን መዞር ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ባቡሩ ላይ የሴቶች ፉርጎ አለ፤ ጎልድ የሚሉትም አለ፤ እዚያ እንዳይገቡ» ብሏል ልጁ፣ የሚስቱ ወንድም፣ በስልክ። «መቶ ድርሃም ነው ቅጣቱ። ምግብም እንዳይበሉ፣ ማስቲካም እንዳያኝኩ፤ እሱም መቶ ነው።»

«መተንፈሱስ ስንት ነው?»

«እሱ ለጊዜው ነፃ ነው።»

የዱባይ ሐበሻ ከተማውን የሚያስረዳው በቅጣት ዋጋ ነው። የአንድ ጎዳና ውበት አይታየውም፤ ያለማቋረጫው ቢሻገሩት 400 ድርሃም እንደሚያስከፍል ግን ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይነግራል። ይህ ሊሳቅበት አይገባም። ደመወዙን በድርሃም እየቆጠረ ግማሹን ወደ አገር ቤት የሚልክ ሰው የከተማ ካርታ የሚሠራው በሚያስከፍለውና በማያስከፍለው ቦታ ነው። ስለዚህም ነው ከየትኛውም አስጎብኚ ይልቅ የሚታመነው።

ሰዓቱ ሌላ ጣጣ አለው። ልጁ «በሦስት ሰዓት በር ላይ እጠብቅዎታለሁ» ብሏል። በማን ሦስት? ለእናቱ ሲደውል በሐበሻ፣ ለዱቲ ሲነሳ በፈረንጅ የሚቆጥር ሰው «ሦስት» ሲል የትኛውን እንዳለ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዱባይ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ የነጋዴው ስልክ ደግሞ ገና ጓንዡ ነው ያለው። እግዜር ይስጠው፣ ካምፑ በር ላይ ሻይ ቤት አለ። በወረቀት ኩባያ የሚቀዳው ካራክ አንድ ድርሃም ነው፤ ወተቱ ሻዩን ውጦት፣ ሄሉ አፍንጫ ድረስ እየሸተተ። ነጋዴው ሁለት ጠጥቶ ሦስተኛውን ሲያዝ ልጁ በነጠላ ጫማ ብቅ ይላል።

ሰላምታው ረጅም ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ይገጫጫሉ፣ መልሰው ይገጫጫሉ። «እህቴ ደህና ናት? እማማስ? ልጆቹስ? ሰፈሩስ?» «ሁሉም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ግን ከሳህ ልበል?» «ዱቲ ነው ጋሼ፣ ዱቲ።» የካምፑ ዘበኛ ግን በዚህ ሁሉ አልተነካም፤ እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው። ሰኩሪቲ የሆነው ልጅ በሰኩሪቲ መከልከሉ ዘበኛውንም ያሳቀው ይመስላል። ሁለቱም የዚያው ሙያ ልጆች ናቸው፤ በዱባይ አንድ ዘበኛ ሲራ ከሚባለው የጥበቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይኖረው ወንበር ላይ መቀመጥ አይችልም። ትንሽ ልመና፣ ትንሽ የሙያ ወዳጅነት፣ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ይባልና ይገባል።

አምስት ደቂቃው በቂ ነው። ክፍሉ ደጃፍ ላይ የተደረደረው ጫማ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ቀድሞ ይናገራል። የአገሩ ደንብ ለአንድ ሠራተኛ መኝታ ቢያንስ 3 ካሬ ሜትር ይላል፤ ሦስት ካሬ ሜትር እንዴት እንደሚኖርበት ግን ደንቡ አይዘረዝርም፤ እሱን የሚያውቀው የተደራራቢ አልጋው ባለቤት ነው። የልጁ አልጋ ታችኛው ነው። ዙሪያውን በአንሶላ ጋርዶ ግድግዳ አበጅቶለታል፤ በውስጡ የስልክ ቻርጀር፣ የቅድስት ማርያም ሥዕል፣ በካልሲ የተጠቀለለ ሽቶ። ከአልጋው ሥር ሻንጣ አለ፤ ሞልቶ፣ በገመድ ታስሮ። መቼ ልትገባ ነው ቢሉት ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። ሻንጣው ግን ዝግጁ ነው፤ ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ የእህት ልጆች ጫማ (እግራቸው ካደገ ለታናናሾቹ)። ቱሪስቱ የማያየው የዱባይ ሙዚየም ይህ ነው፤ በየአልጋው ሥር የተቆለፈ፣ የመክፈቻ ቀኑ ያልተወሰነ።

አሁን ድርድሩ ይጀመራል። ልጁ ዛሬ ኦፍ ነው፤ ነጋዴውም ማየት የሚፈልገውን አዘጋጅቶ መጥቷል።

«ታሪካዊ ቦታ?» ይላል ልጁ። «ዱባይ ምን ታሪክ አላት ጋሼ? እኔ ከመጣሁ ወዲህ እንኳ ስንቴ ፈርሳ ተሠርታለች።»

«ቡርጅ ኸሊፋስ?»

«እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። ፓርኪንጉን።»

828 ሜትር ወደ ላይ ከተዘረጋው ሕንፃ የልጁ ድርሻ ከመሬት በታች ያለው ነበር። ይህ የብዙዎቹ የሶናፑር ሰዎች የከተማ ዕውቀት ነው። ሆቴሉን በዕቃ ማስገቢያው፣ የገበያ ማዕከሉን በቆሻሻ ማውጫው፣ ቪላውን በኩሽናው በኩል ያውቁታል። ከፊት ለፊት ገብቶ ትኬት የቆረጠ ሰው የማያውቀውን ያውቃሉ፤ ትኬት የቆረጠው የሚያየውን ደግሞ አላዩም። ነጋዴውና አማቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ከተማዋ ሙሉ ትሆናለች።

አረንጓዴው መስመር ከኢቲሳላት ተነስቶ ዴይራ የሚባለውን ሰፈር አቋርጦ ወደ አሮጌው ከተማ ይወስዳል። አል ራስ ጣቢያ ወርደው ትንሽ ቢራመዱ የቅመሙ ገበያ፣ ከእሱ ቀጥሎ የወርቁ። እዚህ ነጋዴው አገሩ ገባ። የግራሙ ዋጋ በስክሪን ላይ ይለዋወጣል፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው በእጅ ዋጋው ላይ ነው፤ ሠራተኛው ለጠለፈበት፣ ለጠረበበት የሚጠየቀው። መርካቶ ያደገ ሰው ይህን ሚስጥር እስኪነግሩት አይጠብቅም፤ ሃያ አንድ ካራት ቀለበት አንስቶ፣ አስመዝኖ፣ መልሶ አስቀምጦ፣ ሄዶ፣ ተጠርቶ ተመልሷል። ልጁ በዚህ መሃል ወደ አንድ መስኮት ይጠቁመዋል። ናጅማት ጣይባ የሚባለው ቀለበት እዚያ ተቀምጧል፤ በ2000 የተሠራ፣ 21 ካራት፣ ክብደቱ ወደ 64 ኪሎ የሚጠጋ፣ በዓለም ትልቁ የወርቅ ቀለበት ተብሎ በጊነስ የተመዘገበ። ነጋዴው በግራም ማባዛት ይጀምርና ስልኩ ላይ ያለው ካልኩሌተር አኃዙን ወደ ጎን እየገፋ ሲያሳየው ይተወዋል። «ለጣት አይሆንም» ይላል። «ለበሬ ቀንበር ነው።»

ከወርቁ ገበያ ክሪክ ወደሚሉት የባሕር ሰርጥ ዳር፣ ከዚያ በአብራ ወደ ማዶ። አብራ ከእንጨት የተሠራች ጀልባ ናት፤ ሰው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ አንድ ድርሃም ይከፍላል። በዓለም ላይ በዚህ ዋጋ ይህን የመሰለ እይታ የሚሰጥ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ክሪኩ አሁን ሰፊና ጥልቅ ይምሰል እንጂ አሸዋ እየደፈነው ጀልባ ማስገባት አቅቶት ነበር። ሼኽ ራሺድ ቢን ሰዒድ አል መክቱም ከኩዌት ተበድሮ በ1959 ማስጠረግ ጀመረ፤ ነዳጅ በ1966 ከመገኘቱ በፊት መሆኑ ነው። ብድር ወስዶ ጭቃ መዛቅ ያን ጊዜ ለስንቱ ዕብደት መስሎ ይሆን! ነጋዴ ግን ይህን ሲሰማ ከማንም በላይ ይገባዋል፤ ወደቡ ካልተከፈተ ገበያ የለም።

ማዶ ያለው አል ፋሂዲ ምሽግ በ1787 ነው የተሠራው፤ ከባሕር ኮራል ድንጋይና ከጭቃ። በዱባይ ቆሞ ካለው ሕንፃ ሁሉ አንጋፋው ነው። እዚህ ላይ ሐበሻ አንዱን ቅንድቡን ማንሳቱ አይቀርም። ፋሲል ጎንደርን የቆረቆረው በ1636 ነው፤ ይህ ምሽግ ሲሠራ ጎንደር አርጅታ፣ ደክማ፣ ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ገብታ ነበር። ላሊበላንማ ከነጭራሹ አለማንሳት ይሻላል። ግን ዕድሜ አንድ ነገር፣ አያያዝ ሌላ ነገር ነው። ምሽጉ የገዢ ቤት፣ የመሣሪያ ማከማቻ፣ እስር ቤት ሆኖ አገልግሎ በ1971 ሙዚየም ሆነ። በቅርብ ዓመታት ለእድሳት ተዘግቶ ስለቆየ ብዙው ጎብኚ የሚያየው ከውጭ ነው፤ ነጋዴውም እንዲሁ። ጥበቃ ላይ ያለው ሰው ከልጁ ጋር አንድ ሥልጠና የወሰደ ሆኖ ተገኘ። አላስገባቸውም፤ ጥላው በየት በኩል እንደሚሻል ግን ነገራቸው።

ጥላ ቀላል ነገር አይደለም። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ በፈረንጅ ሰዓት 12፡30 እስከ 3፡00 በፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ ተከልክሏል። የቀን ሠራተኛው በዚያ ሰዓት ጥላ ይፈልጋል፤ ቱሪስቱ ግን በዚያው ሰዓት ካሜራውን አንግቶ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ግንብ ለግንብ ይዞራል። ሕጉ ለእሱ አልወጣም። ምሽጉ አጠገብ ያለው አሮጌ ሰፈር ለዚህ የሠራው መላ አለው፤ በየጣራው ላይ የቆመው የነፋስ ማማ አየሩን ከላይ ይይዝና ወደ ክፍሉ ያወርደዋል። ከፋርስ ባስታክ ከተባለ ቦታ የመጡ ነጋዴዎች፣ ዱባይ ቀረጡን ቀላል ስላደረገችላቸው መጥተው ነው እነዚህን ቤቶች የሠሯቸው። ይሄኛውን ታሪክ ለመርካቶ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሰፈሩ ዛሬ ያለው በደብዳቤ ነው። በ1980ዎቹ ግማሹ ፈርሶ ነበር። የቀረውም ሊፈርስ ሲል፣ ከቤቶቹ አንዱን አድሶ ይኖርበት የነበረ ሬይነር ኦተር የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት ለልዑል ቻርልስ ጻፈ። ልዑሉ በ1989 ዱባይ ሲመጣ ሰፈሩን አየ፣ ወደደው፣ መቆየት አለበት አለ፤ ማፍረሱም ቀረ። ሻርጃ ደግሞ አል ሒስን የሚባለውን፣ በ1820ዎቹ የተሠራውን ምሽጓን በ1960ዎቹ ማብቂያ ማፍረስ ጀምራ ነበር። ያኔ ካይሮ ይማር የነበረው የዛሬው ገዢ ሼኽ ሱልጣን ቢን ሙሐመድ አል ቃሲሚ ወሬውን ሰምቶ ሲደርስ ዋናው ነገር ፈርሶ አንድ ግንብ ቀርቷል። ያንን አስቁሞ፣ መሠረቱን ለክቶ፣ በሮችና መስኮቶቹን ሰብስቦ አስቀመጠ፤ በ1990ዎቹ እንደነበረ አድርጎ አስገነባው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ቆሞ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ሊጠይቅ የሚችለው አንድ ጥያቄ ነው፤ በሩንና መስኮቱን የሰበሰበ ሰው ነበር ወይ?

ልጁ ሰዓቱን አየ። ሻርጃ እንሂድ ወይስ እንብላ? ሁለቱም ተወሰነ፤ ዴይራ ውስጥ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ጥብስና ሽሮ ተበላ፣ ቡና ተጠጣ፣ ሂሳቡ ላይ ተጣሉ («ወንድሜ ነህ፣ ተው!» «አይሆንም ጋሼ፣ እንግዳ ነዎት!»)፣ ከዚያ አውቶቡስ። የዱባይና የሻርጃ መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት እንዴት እንደሚጨናነቅ እዚያ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ሻርጃ ቤት ኪራይ ረከስ ስለሚል ዱባይ ሠርቶ ሻርጃ የሚያድረው ብዙ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይወጣል፣ በአንድ ሰዓት ይመለሳል። ከቀትር በኋላ ቶሎ የተነሳ ግን ያልፋል።

ትራንዚት ላይ ያለ ሰው ሻርጃ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ የማየት ጊዜ ቢኖረው አል መሓጣ ሙዚየም ይሁን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የትራንዚት ሙዚየም ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከለንደን ወደ ሕንድ የሚበረው ኢምፔሪያል ኤርዌይስ በፋርስ ዳርቻ የነበረው የማረፍ ፈቃድ አበቃለትና መስመሩን ወደ ዓረቡ ዳርቻ አዞረ። የሻርጃው ገዢ ሼኽ ሱልጣን ቢን ሰቅር በ1932 ተስማማ፤ ኪራይም ተቆረጠለት። በጊዜው ዕንቁ ጠልቆ ማውጣት የሚያኖረው አገር ነበር፤ ጃፓኖች ዕንቁ ማርባት ጀመሩ፣ የዓለም ኢኮኖሚም ወደቀ፣ የዕንቁ ገበያው ሞተ። ከሰማይ የመጣ ኪራይ ማለት ይህ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ውስጥ ሀኒባል የሚባል፣ ባለ አራት ሞተርና ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን አሸዋው ላይ አረፈ። ፍጥነቱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ የዛሬ የሻርጃ ሹፌር ሌሊት ላይ ያልፈዋል። መንገደኞቹ የሚያድሩት በምሽግ በተከበበ ማረፊያ ቤት ውስጥ ነበር፤ ግንቡም ዘበኛውም ድንገት ቢወረሩ ለመከላከል ነው። ለትራንዚት መንገደኛ ሰኩሪቲ መቅጠር እዚህ አገር የተጀመረው በዚያን ጊዜ ነው ቢባል ልጁን ደስ ይለዋል።

ማኮብኮቢያው ዛሬ የመኪና መንገድ ነው። ንጉሥ አብዱልአዚዝ ጎዳና ይባላል፤ በግራና በቀኝ ሱቅ፣ መሃል ላይ መኪና፣ ጥግ ላይ ሙዚየሙ ከአሮጌ አውሮፕላኖቹ ጋር። ዱባይም ብዙ አልዘገየችም፤ በ1937 ከዚያው ኩባንያ ጋር ተዋውላ ውኃ ላይ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ክሪኩ ላይ ማረፍ ጀመሩ። ኪራዩ በወር 440 ሩፒ ገደማ ነበር፣ የዘበኞች ደመወዝ ጭምር። የአሁኑ ኤርፖርት የተከፈተው በ1960 ነው፤ በተጠቀጠቀ አሸዋ ማኮብኮቢያ። ይህ ዳርቻ ሰው ሲያልፍበት ገንዘብ መቀበልን ከጥንቱም ያውቅበታል። ወደ ላይ የተቆለለው መስታወት ሁሉ የተነሳው ከዚያ ልማድ ነው ቢባል ብዙም አይሳሳቱም።

ሐበሻም ወደዚህ ዳርቻ መምጣት የጀመረው በቪዚት ቪዛ አይደለም። በዕንቁ ዘመን ከኢትዮጵያ ምድር ተሰርቀው በቀይ ባሕር በኩል የተሸጡ ሰዎች በጀልባውም በቤቱም ያገለግሉ ነበር። ነፃነት የፈለገ ሰው የሚያመለክተው ሻርጃ ለተቀመጠው የእንግሊዝ ወኪል ነበር፤ የነፃነት ወረቀቱም በዚያ በኩል ነው የሚመጣለት። አውሮፕላኑ ሲያርፍና ባሪያው ሲያመለክት በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን ነው። ይህን ልጁም ነጋዴውም ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ሙዚየሙ ውስጥ ስለ አውሮፕላን ሞተር የተጻፈው ይበዛል።

አጅማን ቀረች። ከሰባቱ ኤምሬቶች ትንሿ ናት፣ ከሻርጃም ቅርብ ናት፤ ሙዚየሟ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራ ምሽግ ውስጥ ነው፤ እስከ 1970 የገዢው መኖሪያ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ነበር። ሻርጃ መጠጥን ከ1985 ጀምራ ከልክላለች፤ አጅማን ግን አትከለክልም፤ ስለዚህ የልጁ የካምፕ ጓደኞች አጅማንን በደንብ ያውቋታል፣ ሙዚየሟን ግን ያየ የለም። ሰዓቱ ቢበቃ ኖሮ የትኛውን ያስጎበኘው እንደነበር አልተናገረም።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የትራንዚት ጉብኝት በአዲስ አበባም ሊሆን ይችል ነበር። ፎርዋርድኪስ የተባለ የጉዞ መረጃ ድርጅት በ2018 እንዳስታወቀው፣ ከሰሐራ በታች ወዳሉ አገሮች የሚሄደውን የረጅም ርቀት መንገደኛ በማስተላለፍ አዲስ አበባ ዱባይን ቀድማለች። ከጓንዡ ተነስቶ ወደ ሌጎስ ወይም ወደ ኪንሻሳ የሚያልፈው ነጋዴ ቦሌ ላይ ረጅም ትራንዚት ሲኖረው አየር መንገዱ ሆቴል ይሰጠዋል፤ በአውቶቡስ ይወሰዳል፣ ቡፌ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይመለሳል። ሉሲ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ሆና ሳያያት ያልፋል። ምስኪኑ ሌጎሳዊ አዲስ አበባ ላይ የሚስት ወንድም የለውም።

ተርሚናል 3 ሲደርሱ እውነተኛው ጉዳይ ተገለጠ። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ጀርባው ላይ ያንጠለጠለው ቦርሳ የእሱ አይደለም፤ የእማማ ነው። የነጋዴው ትልልቅ ሻንጣ ከጓንዡ በቀጥታ አዲስ አበባ ተልኳል፤ በእጅ የሚፈቀደው 7 ኪሎ ነው፤ ያም በወርቅ ሳይሆን በናሙና ጫማ ሞልቷል። ቦርሳው ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ሻሽ፣ የጉልበት ቅባት፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ለእህት ልጅ ኳስ (ነፍሱ የወጣ)፣ ለሰፈር ሰው የታዘዘ መላጫ።

«ይሄ እንዴት ይሆናል?»

«ይሆናል ጋሼ፣ ጃኬትዎን ያምጡ።»

ልጁ በሙያው የሚያውቀውን ሥራ ጀመረ። ሻሾቹ በአንዱ ኪስ፣ ቅባቱ በሌላው፣ የግፊት መለኪያው በውስጥ ኪስ፣ ብርድ ልብሱ በትከሻ ላይ እንደ ጋቢ። ነጋዴው እዚያው ቆሞ እየወፈረ ሄደ። አጠገባቸው አንዲት ወደ ባሕር ዳር የምትመለስ ልጅ ወለል ላይ ተቀምጣ ከሻንጣዋ ድስት እያወጣች በሌላ ቦርሳ ትሸጉጣለች፤ ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ሁለት ሱሪ በላይ በላይ ለብሷል።

«በዚህ ሙቀት ጃኬት ደርቦ ብርድ ልብስ የለበሰ ሰው ሲያዩ ምን ይሉኛል?»

«ኪስ አይመዘንም፣ ጋሼ» አለ ልጁ፣ የመጨረሻውን መላጫ የጎን ኪሱ ውስጥ እየገፋ። «መላጫውን ግን ሲፈትሹ ሊይዙት ይችላሉ፤ ከያዙት ይተዉላቸው። ለጎረቤት ነው።»